ወንጌል፣ ገርነትና የሥልጣን ፈተና

ክርስትናን ለሌላው ማካፈል፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ስብከት ወይም ምስክርነት የሚባለው ተግባር፣ ከሃይማኖቱ ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ በኋላ ዘመን የተጨመረበት አይደለም። ስለዚህ ክርስቲያን ስለ እምነቱ መናገር ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙም አያከራክርም፤ የሚያከራክረው፣ በታሪክም ብዙ ደም ያፈሰሰው፣ እንዴት ይናገር የሚለው ነው። ይህ ዲስኩር በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሚያተኩር ሲሆን የሚሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ገርነት የአንደበት ልስላሴ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ ከፈተና አይወጣም፣ የሰባኪው ገርነት የሚታወቀው ሥልጣን እጁ በገባ ጊዜና አድማጩ «አልቀበልም» ብሎ በሰላም ቤቱ መግባት በቻለ ጊዜ ነው የሚል ነው።

ስለ ገርነት ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው የሐዲስ ኪዳን ክፍል የጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ሲሆን፣ ክፍሉ አማኞች ስለ ተስፋቸው ምክንያቱን ለሚጠይቋቸው ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጁ እንዲሆኑ፣ መልሳቸው ግን በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ያዝዛል። ትእዛዙ የጠያቂን መኖር አስቀድሞ እንደሚገምት፣ መልሱም ስለ መላሹ ተስፋ እንጂ ስለ ጠያቂው ጥፋት እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። መልእክቱ የተጻፈላቸው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቱርክ ምድር ተበትነው ይኖሩ የነበሩ፣ ዳኛም ጭፍራም የሌላቸው አናሳ ማኅበረሰቦች ስለነበሩ፣ የእነርሱ ገርነት ከትእዛዝ የመጣ ይሁን ከአቅም ማጣት ለመለየት ያስቸግራል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተተረከው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በዚህ ረገድ የበለጠ ያስተምራል። ጃንደረባው የንግሥት ሕንደኬ ባለሥልጣን፣ በሠረገላ የሚጓዝና መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ሲሆን ፊልጶስ ግን እግረኛ ነበር፤ ንግግሩን የጀመረውም በስብከት ሳይሆን የሚያነብበው ይገባው እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ወደ ሠረገላው የወጣው ከተለመነ በኋላ፣ ማስረዳት የጀመረውም ሰውየው ራሱ ያነብበው ከነበረው የኢሳይያስ ቃል ተነሥቶ ሲሆን፣ ጥምቀትንም የጠየቀው ጃንደረባው እንጂ ፊልጶስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተለያዩ፤ አዲሱ አማኝ ያለ ጠባቂና ያለ ተቆጣጣሪ ደስ እያለው ወደ አገሩ መንገዱን ቀጠለ።

ጌታ በቤተ መቅደስ ጅራፍ አንሥቶ የለዋጮችን ገበታ ገልብጧልና ቁጣም ስፍራ አለው የሚል ተቃውሞ በዚህ ላይ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን የተባረሩት እምነቱን የማያውቁ ባዕዳን ሳይሆኑ የቤቱ ሰዎች ነበሩ፤ በማርቆስ ወንጌል አተራረክ ደግሞ የተግሣጹ ምክንያት ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት ሊሆን የሚገባው ስፍራ የወንበዶች ዋሻ መደረጉ ነው። ባዕዳን የሚጸልዩበትን ስፍራ ለማስለቀቅ የተነሣን ጅራፍ ባዕዳንን ለማሳደጃ መጥቀስ ክፍሉን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ሥልጣን ያላት ክርስትና እንዴት እንደተፈተነች ለማየት ከ16ኛውና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ዘመናቱ ሁሉ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። በ1555 ከፖርቱጋል ወገን የመጡ ካህናት የኢትዮጵያን ሥርዓት አይሁዳዊ ነው ብለው በነቀፉ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ ጽፎ መለሰላቸው፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ቅዳሜ የሚከበረው እንደ አይሁድ ልማድ አለመሆኑን፣ ግዝረትም የአገር ልማድ እንጂ የድኅነት መንገድ ተብሎ የማይታመን መሆኑን ንጉሡ ያለ ስድብና ያለ ዛቻ አብራርቷል። ጸሐፊው ግራኝ አሕመድን ድል የመታ ሠራዊት አዛዥ፣ ነቃፊዎቹም በግዛቱ ውስጥ በእንግድነት የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ስለሆነም የጴጥሮስን ትእዛዝ ሥልጣን እያላቸው ከፈጸሙት አንዱ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ በ1557 የመጣው ጳጳስ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ ክርክሩ አልሳካ ሲለው በ1559 ኢትዮጵያውያንን የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ፤ ውግዘቱም አንድ ሰው እንኳ ወደ እርሱ ስለ ማምጣቱ የሚታወቅ ነገር የለም።

ከኦቪዬዶ በኋላ የመጣው ስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ፓኤዝ የኢየሱሳውያን ማኅበር፣ ማለትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተውና በትምህርትና በስብከት የታወቀው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆይቶ፣ በዚያም ዐረብኛ ተምሮ፣ በ1603 አርመናዊ መስሎ በምጽዋ በኩል ገባ። በአድዋ አጠገብ ባለችው ፍሬሞና ተቀምጦ ግዕዝና አማርኛ አጠና፤ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የሃይማኖት ማስተማሪያም ወደ አማርኛ እንዲተረጎም አደረገ። በ1604 ወደ ዐፄ ዘድንግል ግቢ ሲጠራ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሄደና ንጉሡ ፊት ያሰማው የራሱን ክርክር ብቻ ሳይሆን በአገር ቋንቋ እየተጠያየቁ የሚመላለሱትን ልጆች ጭምር ነበር። ዘድንግል በዚህ እጅግ ተማረከ፤ ፈጥኖም ቅዳሜን ማክበር የሚከለክል አዋጅ አወጣ፤ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፣ ንጉሡም በዚያው ዓመት በጦርነት ወደቀ። ፓኤዝ ራሱ ንጉሡን እንዳይቸኩል መክሮት ነበር።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓኤዝ ለንጉሡ አማካሪም ሐናጺም ሆነ፤ በጎርጎራ የንጉሡን ቤት መሣሪያ ጨብጦ ከሠራተኞች ጋር ሠራ፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሲጓዝ የዓባይን ምንጭ በሰከላ አየ፣ ስለ ኢትዮጵያም በፖርቱጋልኛ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ጻፈ። ከሊቃውንት ጋር ሲከራከር የእነርሱን የግዕዝ መጻሕፍት፣ በተለይም የጥንት አባቶችን ቃል ያሰባሰበውን ሃይማኖተ አበውን እየጠቀሰ ነበር። የክርክሩ ማዕከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተዋሕዶ ስትል መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን ታስተምራለች፤ ሮማ ደግሞ ከተዋሐዱ በኋላም ሁለት ባሕርያት ይባላሉ ትላለች። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክ እምነቱን በይፋ ሲገልጽ ፓኤዝ ሊሞት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ በዚያው ዓመት ዐረፈ።

እርሱን የተካው፣ በፓትርያርክነት፣ ማለትም በመላ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ላይ በሚሾም የበላይ አባትነት ማዕረግ በ1625 የደረሰው ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው። በየካቲት 1626 በደንቀዝ በተደረገ ሥርዓት ሱስንዮስ ተንበርክኮ ለሮማው ጳጳስ መታዘዙን በመሐላ አረጋገጠ፤ መኳንንቱና ካህናቱም እንዲሁ እንዲያደርጉ ተገደዱ። ከዚያ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ወረደ፤ ካህናት እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ፣ ግዝረትና የቅዳሜ በዓል እንዲቀሩ ታዘዘ።

ይህ አዋጅ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ አንዲት የገጠር ደብር ሲደርስ ምን ማለት እንደነበር በዝርዝር ማሰብ ያስፈልጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁራሽ ለምኖ ዳዊት የደገመ፣ ቅዳሴ የተማረ፣ ከአቡን እጅ ክህነት ተቀብሎ ለሠላሳ ዓመት የቀደሰ አንድ ቄስ፣ በዚህ አዋጅ መሠረት ቄስ ሆኖ አያውቅም። በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ያጠመቃቸው የመንደሩ ልጆች አልተጠመቁም፤ ፈትቶ የቀበራቸው ሙታን ሥልጣን በሌለው እጅ ተፈትተዋል። የቅዳሜ እረፍቱ ወንጀል ሆኖበታል፤ የጾም መያዣና መፍቻው ተዛንፎ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ቀን መጾም ቀርቷል። ይህን ሁሉ የሚነግረው ደግሞ በሩን አንኳኩቶ የሚጠይቅ መምህር ሳይሆን የንጉሥ መልእክተኛ ነው። ሜንዴዝ በላቲን የነገረ መለኮት ትምህርት የበሰለ ሰው ነበር፣ ትእዛዛቱም ከራሱ ሥርዓት አንጻር ምክንያት የሌላቸው አልነበሩም፤ ጥፋቱ ግን ሰው አዲስ እምነት ለመቀበል የሚያስፈልገውን የመጀመሪያውን ነገር፣ እስካሁን የኖረበት ሕይወት ከንቱ አልነበረም የሚለውን ክብር፣ ከአድማጩ አስቀድሞ መንጠቁ ነው።

የተከተለው ዓመፅ ነበር። በ1628 የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ በትግራይ ተነሣ፤ ከዚያ የላስታ ገበሬዎች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሡ፤ ኋላ ላይ ንጉሡ ከፓትርያርኩ ጥቂት ማሻሻያ ቢያስፈቅድም ጊዜው አልፎ ነበር። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ከላስታ ወገን የወደቁት ስምንት ሺህ እንደነበሩ ይነገራል። ሱስንዮስ ከድሉ ማግስት ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ሞተ። ኢየሱሳውያኑ በ1633 ወደ ፍሬሞና ተወስደው በሚቀጥለው ዓመት ከአገር ተባረሩ፤ ሜንዴዝም በጎዋ እስከ ሞተበት እስከ 1656 ድረስ ኢትዮጵያን ዳግም አላየም።

ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ ብቻ አልነበሩም። በ1638 አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ወደ ጎንደር መጥተው ተገደሉ። አጋታንጅ በግብፅ በነበረበት ጊዜ ከኮፕት መነኮሳት ጋር ተወዳጅቶ የኖረ፣ በካይሮ የሚኖሩ አውሮፓውያን ካቶሊኮች በኑሯቸው ማሰናከያ ሆነዋል ብሎ ለሮማ የጻፈ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ለሞት ያበቃው የራሱ ጠባይ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበሩት ያስቀመጡት ስም ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ፓኤዝን ገር፣ ሜንዴዝን ግትር አድርገው በማነጻጸር ይቆማሉ፤ ፓኤዝ ቢቆይ ኖሮ ሁሉም በተሳካ ነበር የሚል ግምትም አብሮ ይከተላል። ንጽጽሩ እውነትነት ቢኖረውም በቂ አይደለም። የሱስንዮስን አዝማሚያ ያወገዙት አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ካመፀው መኮንን ከዮልዮስ ጋር በጦር ሜዳ የተገደሉት በ1617፣ ፓኤዝ በሕይወት ሳለና በግቢው ሳለ ነው፤ የካቶሊክን እምነት በሰይፍ ጭምር የደገፈው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ፓኤዝ አንደበቱ ገር፣ ዕውቀቱ ሰፊ፣ እጁ ሥራ ወዳድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ገርነት ያነጣጠረው በአንድ ሰው ላይ፣ በንጉሡ ላይ ሲሆን፣ ንጉሡ የተቀበለውን ለሕዝቡ የሚያደርሰው ባለው መንገድ፣ በአዋጅና በጭፍራ ነበር። ንጉሥን በለሰለሰ ቃል አሳምኖ ሕዝቡን ለንጉሡ አዋጅ መተው ጭካኔውን ለሌላው ማስተላለፍ ነው፤ የሜንዴዝ ዘመንም በዚህ በኩል የፓኤዝ ዘመን ተቃራኒ ሳይሆን ቀጣይ ነው።

ቋንቋ ማወቅም ቢሆን ገርነትን አያረጋግጥም። በ1830ዎቹ ወደ ትግራይ የመጣው ጀርመናዊው ፕሮቴስታንት ካርል ኢዘንበርግ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የሰዋስው መጽሐፍ እስከ ማሳተም የደረሰ የቋንቋ ሊቅ ነበር፤ ሆኖም ጾምንና ለእመቤታችን የሚሰጠውን ክብር ፊት ለፊት እየነቀፈ ከአድዋ ካህናት ጋር ስለተጣላ በ1838 ደጃዝማች ውቤ አስወጡት። ከእርሱ በፊት፣ እርሱን በላከው የሚስዮን ማኅበር ተልኮ የመጣው ስዊሱ ሳሙኤል ጎባት ግን ጎንደር ድረስ ገብቶ ከሊቃውንቱ ጋር በጥያቄና መልስ መወያየቱ አላስባረረውም። በ1839 አድዋ የደረሰው ጣልያናዊው ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የሚባለው፣ ከሁሉም የራቀ መንገድ ያዘ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሰ፣ እንደ እነርሱ ጾመ፣ ካህናትንም በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ አሠለጠነ። ሜንዴዝ ሊያጠፋው የፈለገውን ሥርዓት እርሱ ተቀበለው ማለት ነው። ጭፍራ አልነበረውም፤ ይልቁንም ታሰረ፣ ተሰደደ፣ በ1860 በስደት መንገድ ላይ ሞተ። የሜንዴዝ የስድስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ዱካዋ ሲጠፋ፣ በግዕዝ የምትቀድሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም አለች።

ኃይልን የተጠቀመው የውጭ ሰው ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ራስን መሸንገል ይሆናል። በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት በዚሁ ጊዜ ቢሆንም፣ እነ ሼህ ጠልሃ በዓመፅ ተነሡ፤ ከተጠማቂዎቹም ብዙዎቹ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ማታ በየቤታቸው ይሰግዱ ነበር። ከዚህ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ በቤጌምድር የተነሡት ሼህ ዘካርያስ ቁርአንን በዐረብኛ እየጠቀሱና እየተረጎሙ ከሙስሊም ሊቃውንት ጋር በአደባባይ ተከራከሩ፤ ከዐፄ ምኒልክ ያገኙት የማስተማር ፈቃድ እንጂ የማስገደድ ሥልጣን አልነበረም፤ በ1910 በደብረ ታቦር ሲጠመቁ የተከተሏቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በራሳቸው እግር የመጡ ነበሩ። በአተረጓጎማቸው የማይስማሙ ዛሬም ብዙ ናቸው፤ የማይስማማ ሰው ግን መልስ መስጠት እንጂ መሸሽ አላስፈለገውም።

በአሁኑ ጊዜ ሰይፍ ያለው ሰባኪ የለም፤ የ1995 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ ነጻነቱን በማስገደድ እንዳይገደብ ይከለክላል። ሥልጣን ግን መልኩን ቀይሮ አለ። በታክሲ ተራና በሆስፒታል በር ላይ የተተከለ ድምፅ ማጉያ፣ መሸሽ የማይችለውን በሽተኛና ተሳፋሪ በግድ አድማጭ ያደርጋል። ለተራበ የሚሰጥ ዱቄት ከጸሎት ስብሰባ ጋር ሲያያዝ «አልቀበልም» የማለትን ዋጋ ለድሃው ብቻ ያስወድዳል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄደው «ክርክር» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አድማጩ ሌላ ነው፤ ተናጋሪው የሚናገረው ለተከራካሪው ሳይሆን ለሚያጨበጭብለት ወገኑ በመሆኑ፣ አንዱ «መናፍቅ» እና «ጸረ ማርያም» ሲል ሌላው «ጣዖት አምላኪ» እያለ፣ ሁለቱም ከስብከት ይልቅ ስድብ ያበዛሉ። ስድቡን የሚያሰማው ወገን ብዙኃን በሆነበት አካባቢ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል፤ ምክንያቱም በመንደር የተነገረ ቃል በማግስቱ በገበያና በዕድር ይደርሳል።

ለጴጥሮስ መልእክት ተቀባዮች በሁኔታ የሚቀርቡት ዛሬ ምናልባት በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ክርስቲያኖች ናቸው። ከእነዚያ አገሮች ሙስሊሞችን ወደ ክርስትና መስበክ በሕግ በተከለከለባቸው የምትኖር ሠራተኛ አደባባይም ማጉያም የላትም፤ ያላት የሥራ ታማኝነቷ፣ ጾሟና ማተቧ ነው፤ ስለ እነዚህ አሠሪዋ ከጠየቀቻት የምትሰጠው አጭር መልስ ሐዋርያው ያሰበውን ዓይነት መልስ ይሆናል።

ሰባኪያንን የሚያሠለጥኑ የነገረ መለኮት ኮሌጆች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ይህን ታሪክ በሥርዓተ ትምህርታቸው ያስገቡ፤ ተማሪው የመልስ ጥቅስ ከመሸምደዱ በፊት የሌላውን እምነት ከሌላው አፍና መጽሐፍ እንዲማር ያድርጉ። ማጉያ የተከለ አገልጋይ ከሆስፒታል በር ይንቀለው፤ እርዳታ የሚሰጥ ማኅበር እርዳታውን የሚሰጥበትን ቀን ከስብከቱ ቀን ይለይ። ከሁሉ በፊት ግን ለመመስከር የተነሣ ክርስቲያን ወደ አንድ ሰው ከመሄዱ አስቀድሞ፣ ያ ሰው እምቢ ቢል ሥራውን፣ ጎረቤቱን ወይም እንጀራውን የሚያጣ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ፤ የሚያጣ ከሆነም ያንን ስጋት አስቀድሞ ያስወግድለት፣ ስብከቱን ከዚያ በኋላ ይጀምር።